የተከሳሹ ቃል



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ያረጀ ነው። ልብ ወለድ ሰውን ሊያስደስት ይጻፍ ወይስ ሊያርም? ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ባለቅኔዎችን ከሚመኛት ከተማ ያስወጣቸው ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ነው። እኛም ዘንድ አርጅቶ አልሞተም። መጽሐፍ በተመረቀ ቁጥር ከታዳሚው የሚነሣው አስተያየት፣ የቋንቋ መምህሩ በፈተና ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው ጥያቄ፣ ልጁ የያዘውን መጽሐፍ ተቀብሎ የሚያገላብጥ አባት ቅሬታ፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ «ይህ ምን ያስተምራል?» ከሚለው ላይ ያርፋል። መልሱ «ደስ ይላል» ብቻ ከሆነ መጽሐፉ ተናቀ ማለት ነው። በወዲያኛው ወገን የቆሙት ደግሞ ሥነ ጽሑፍ ስብከት አይደለም፣ ውበቱ ይበቃዋል፣ ደራሲን ምከር ማለት ወፍን እረሺ እንደ ማለት ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች የጨበጡት እውነት አለ። እኔ ግን ክርክሩ የቆመበት ቦታ ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል፤ ለምን እንደሆነም ላስረዳ።

ከራሳችን ልጀምር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲያሳትሙ ርእሱን «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት። ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው ይኸው መጽሐፍ ነው፤ ዘርፉን ዛሬም የምንጠራው በዚያ ርእስ ነው። በዚያን ጊዜ መጽሐፍ ሲባል ዳዊት፣ ወንጌል፣ ገድል፣ ድርሳን፣ ታሪከ ነገሥት ነው። ያልሆነን ነገር ሆነ ብሎ መጻፍ ከውሸት የሚለይበት ምክንያት ገና አልተገኘለትም ነበርና፣ ልብ የወለደው ነገር ወደ መጽሐፍ ዓለም ለመግባት ዋስ አስፈለገው። ዋስ የሆነው ምክር ነው። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 «ወዳጄ ልቤ»ን፣ በ1923 ያለዕድሜ ጋብቻን የሚነቅፈውን «የልብ አሳብ»ን፣ በ1925 «አዲስ ዓለም»ን አሳተሙ። በዚህ በመጨረሻው መጽሐፍ ውስጥ አውሮፓ ተምሮ የተመለሰው ወጣት ስሙ አወቀ ነው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1941 ያሳተሙት ልብ ወለድ ባለታሪክም አርአያ ይባላል፤ መጽሐፉም «አርአያ»። የስም አወጣጡ ብቻ ደራሲዎቹ ምን እንዳሰቡልን ይነግረናል። ይህን የምለው ላቃልላቸው አይደለም። ትምህርት ቤትም ማተሚያ ቤትም ብርቅ በነበረበት አገር ብዕር የያዙ፣ አንዳንዶቹም የመንግሥትን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙ ሰዎች ናቸው፤ ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ምክራቸው ከቅን ልብ የወጣ ነው፤ ልብ ወለድንም ከደጅ ወደ ቤት ያስገባው ያ ምክር ነውና ባለዕዳዎቻቸው ነን። ሆኖም አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያለዕድሜ ጋብቻ ጎጂ መሆኑን ለማወቅ ዛሬ «የልብ አሳብ»ን ፈልጎ የሚያነብ የለም። ምክሩ ሕግ ሆኗል፤ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ምክር ተቀባይነት ባገኘ ቀን የተሸከመውን ታሪክ መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ የወጣችው ጦቢያ ግን፣ ከሁሉም ቀድማ ተወልዳ፣ እስከ ዛሬ ታስነብባለች።

ምክር ልብ ወለድ ውስጥ ለምን ቶሎ እንደሚያረጅ በአንድ ትንሽ ምሳሌ ላሳይ። አንድ ጸሐፊ ስለ ችግርና ስለ እንግዳ ተቀባይነት ሊጽፍ ተነሣ እንበል። መካሪው ጸሐፊ የሚጽፈውን አስቀድመን እናውቀዋለን፤ እንግዳ ይመጣል፣ ድሀዋ ያላትን ታቀርባለች፣ እንግዳው ባለጸጋ ሆኖ ይገኝና ውለታዋን ይከፍላል። ሌላው ጸሐፊ ግን ወደ መሶቡ ይጠጋል። ምሽት ነው። እናትየው የመሶቡን ክዳን ብድግ ስታደርግ ያለችው አንዲት እንጀራ ናት፤ ጠርዟም ደርቋል። እንግዳው እንዳያይ በጀርባዋ ከልላ ለሁለት ትቆርጣታለች፤ ትሪው የሞላ እንዲመስልም ግማሹን ጠቅልላ ከጎን ታስቀምጠዋለች። ሽሮውን ታፈስበታለች። ከዚያ ጥግ ይዞ ወደተቀመጠው የሰባት ዓመት ልጇ ሳትዞር፣ «አንተ ቅድም በልተሃል አይደል?» ትለዋለች። ልጁ አልበላም። የእናቱን ጀርባ ያያል፣ ትሪውን ያያል፣ «አዎ፣ በልቻለሁ» ይላል። እንግዳው «ና፣ ኧረ እንብላ» ሲለው ራሱን ይነቀንቃል።

ከዚህ ምን እንማራለን? ልጁ ዋሽቷል። እንዲዋሽ መንገዱን የጠረገችለት እናቱ ናት። እንግዳው ደግሞ ሳያውቅ የልጅ ራት በልቷል። ውሸቱን ብንነቅፍ ልጁን እንበድለዋለን፤ ብናወድሰው ልጅ እየተራበ «ጎበዝ» ማለታችን ነው። የትኛውም ምክር ይህን ነገር ጠቅልሎ አይዘውም። አንባቢው ግን መጽሐፉን ዘግቶ ሲተኛ ያ «አዎ» አብሮት ያድራል፤ በሌላ ቀን እንግዳ ሆኖ በሄደበት ቤት ከመጉረሱ በፊት ጥግ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ዓይን ዓይኑን ማየቱ አይቀርም። ይህ ትምህርት ነው እንዳንል የተነገረ ምክር የለም። ውበት ብቻ ነው እንዳንል ሰውየው ተለውጧል። የደረቀውን የእንጀራ ጠርዝና እናትየው ሳትዞር የጠየቀችውን ጥያቄ ከታሪኩ ብታወጡ ደግሞ፣ ሰውየውን የለወጠው ነገርም አብሮ ይወጣል።

ይህ ከውጭ የመጣ የዘመናዊ ደራሲ ብልኀት እንዳይመስላችሁ። በተአምረ ማርያም ውስጥ ያለውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ እናስታውስ። ተአምር ለሚያምንበት ሰው ልብ ወለድ አይደለም፤ እኔም ልብ ወለድ ነው አልልም፤ የማየው አተራረኩን ነው። ሰውየው 78 ሰዎች የበላ ነው። በመንገዱ ላይ ገላው የቆሰለ፣ ውሃ ጥም ያቃጠለው ምስኪን ያገኛል። ምስኪኑ ስለ እመቤታችን ብሎ ሲለምነው ያ ሰው በላ ጥርኝ ውሃ ይሰጠዋል። ከሞተ በኋላ ነፍሱ ስትመዘን በአንዱ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላው ያቺ ጥርኝ ውሃ ትቀመጣለች፤ በአማላጅነቷም ውሃዋ ትመዝናለች። ከዚህ ደንብ እናውጣ ብንል ወዲያው እንሰናከላለን፤ ደንቡ «ጥርኝ ውሃ ስጥና የፈለግኸውን አድርግ» የሚል ሊሆን ነው። እንዲያ ብሎ የሚረዳው ምእመን ግን የለም። ሰሚው የሚይዘው መዳፍ ውስጥ ያለችውን ውሃ ነው። አንድ ማሰሮ ውሃ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ይወድቅ ነበር፤ ቸርነት ሆኖ ዋጋው ይሰላ ነበርና። ጥርኝ መሆኑ፣ ልኩ በመዳፍ መሆኑ፣ የምሕረቱን ስፋት ያለ አንዳች ማብራሪያ ያሳያል። ያን ልክ ያወቀው ተራኪ ጥበበኛ ነው፤ ጥበቡንና ሃይማኖቱን ለያይታችሁ አሳዩኝ ብባል አልችልም።

እንግዲህ የእኔን አሳብ በግልጽ ላስቀምጥ። ልብ ወለድን ከመድረክ ስብከት ጋርም ከጌጣጌጥ ጋርም ከማስተያየት፣ ከችሎት ጋር ማስተያየት ይሻላል። የቀድሞውን የበላ ልበልሃ ሙግት አስቡት። ባላንጣዎቹ ልብሳቸውን ቋጥረው ተቆራኝተው ይመጣሉ። ከዛፍ ሥር ወይም ከመንገድ ዳር ችሎት ይዘረጋል፤ አላፊ አግዳሚው ይቆማል። ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ እያሉ ይወራረዳሉ፤ ኩታቸውን እያጣፉ፣ እየተወራጩ፣ ቤት እየመቱ ይሟገታሉ። ንግግሩ ያላማረለት ሰው ጉዳዩ በቅጡ አይሰማለትም፤ ጉዳይ የሌለው ሰው ንግግር ደግሞ ቢያምር ቧልት ነው። በዚያ አደባባይ ውበትና ፍትሕ እንደ ባላንጣዎቹ ልብስ የተቋጠሩ ነበሩ። ከሁሉ በላይ ግን ተከሳሹ ቃሉን ሳይጨርስ አይፈረድበትም። ልብ ወለድ ጸሐፊ በእኔ አስተያየት ዳኛም ጠበቃም አይደለም፤ ችሎቱን የሚያስችል ሰው ነው። ሥራው እያንዳንዱ ሰው፣ ይልቁንም ደራሲው ራሱ የሚጠላው ሰው፣ ቃሉን በሚችለው ሁሉ አሳምሮ እንዲናገር ማድረግ ነው። የልብ ወለድ ውበት የምለው ይህን ነው። የልብ ወለድ ግብረ ገብ የምለውም ይህንኑ ነው።

ዋናው ማስረጃዬ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ ይህን መጽሐፍ በ1958 ሲያሳትሙ ሊያስተምሩ የፈለጉት ነገር አልነበረም የሚል ካለ ተሳስቷል። ዘር ቆጥሮ ሰው መናቅን፣ ገበሬው ላይ የሚጫነውን ሸክም በግልጽ ይቃወማሉ፤ የባለታሪካቸው የጉዱ ካሳ አሳብ የደራሲው አሳብ መሆኑም አይሰወርም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጀምሮ ያ የባላባት ሥርዓት የለም፤ መጽሐፉ ያመጣው ምክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ዓመት ሥራውን ጨርሶ መደርደሪያ ላይ መቅረት ነበረበት። አልቀረም። ምክንያቱን ለማግኘት ፊታውራሪ መሸሻን ቀርበን እንያቸው። በሚዋደዱት በልጃቸው በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ መካከል የቆሙት እሳቸው ናቸው። ሌላ ደራሲ ቢሆን ጥርሱን የሚያፋጭ ጨካኝ አድርጎ ስሏቸው እኛም ጠልተናቸው በተገላገልን ነበር። ሀዲስ ግን ከፊታውራሪ ጋር ቁጭ ብለው ብዙ ገጽ አሳልፈዋል፤ የዘር ኩራታቸውን፣ የድሮ ጀግንነታቸውን፣ ዘመን እየከዳቸው መሆኑ የማይገባቸው መሆኑን ከውስጥ አሳይተውናል። እምቢ ያሉትን ገበሬዎች ሊቀጡ ዘምተው በእነ አበጀ በለው እጅ ሲወድቁ እንስቃለን፤ ሳቁ ሳያልቅ ግን የሚያሳዝን ነገር ይመጣብናል፤ የተማረከው ሽማግሌ ነውና። ፊታውራሪ ልጃቸውን ያጠፉት ስለሚጠሏት አይደለም። ክብር ብለው ያመኑበትን ነገር ስለጠበቁ ነው። ይህ ከክፋት የበለጠ ያስፈራል፤ ሁላችንም ክብር ብለን የያዝነው አንድ ነገር አለንና።

የበዛብህ እናት ውድነሽ በጣሙም እንዲሁ ናቸው። ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ተሳሉት። ስለቱ ከእናት ፍቅር የመጣ ነው፤ ያው ስለት ልጁን ዕድሜ ልኩን እንደ ገመድ አሥሮታል። ማንን እንውቀስ? ደራሲው አይነግሩንም። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ለጉዱ ካሳ እንኳ አለማድላታቸው ነው። የራሳቸውን አሳብ የሚናገርላቸው ሰው ነው፤ ቢፈልጉ ያሸንፍ ነበር። እሳቸው ግን ስሙን ካሳ ዳምጤን አገሩ ረስቶ «ጉዱ» ሲለው፣ እውነት ተናግሮ ብቸኝነትን ሲያተርፍ አሳዩን። መጽሐፉ ሲያልቅ በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ካሳ በአንድ መቃብር ናቸው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር ጆሮውን የሰጠው የሥርዓት ትችት ለመስማት አልነበረም። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ባሳተመው «አደፍርስ» ከዚህም አልፎ ሄዷል፤ ሰዎቹን አንድ ላይ አስቀምጦ እንደ ልባቸው ያነጋግራቸዋል። የተማረው ወጣት ብዙ እውነት ይናገራል፤ ለመስማት ግን ትዕግሥት የለውም፤ ይህንንም ደራሲው አልደበቀለትም።

ፍርዱን ለአንባቢ መተው ምን ያህል እንደሚያስቆጣ ለማየት ወደ ፓሪስ ልሻገር። እ.ኤ.አ. በ1857 ጉስታቭ ፍሎቤር «ማዳም ቦቫሪ» በተባለው ልብ ወለዱ የሕዝብን ግብረ ገብና ሃይማኖትን ነክተሃል ተብሎ ተከሰሰ። ዐቃቤ ሕጉ ኧርነስት ፒናር ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ፣ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያቺን አመንዝራ ሊፈርድባት የሚችል አንድም ሰው የለም የሚል ነበር። ጠበቃው ሴናር በበኩሉ መጽሐፉ የኃጢአትን መጨረሻ ስለሚያሳይ ያስተምራል ብሎ ተሟገተ፤ ፍርድ ቤቱም ፍሎቤርን በነጻ ለቀቀው። እኔ ዐቃቤ ሕጉ መጽሐፉን ከጠበቃው በተሻለ ያነበበው ይመስለኛል። በእርግጥም በገጾቹ መካከል ፈራጅ የለም። ፈራጁ መጽሐፉን በእጁ ይዞ ከውጭ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ ይገባልም። በበላ ልበልሃ ሙግት ሐሰተኛው አንደበተ ርቱዕ ሆኖ እውነተኛውን አልረታም ወይ? ረቷል። ያማረ ዓረፍተ ነገር ጥላቻን ሊያስጌጥ ይችላል። ውበት ብቻውን ይበቃል ከሚሉት ጋር የማልስማማው ለዚህ ነው። ቃል ማሽሞንሞን፣ ሰው የሌለበትን ጀንበር በሦስት ገጽ ማጥለቅ ጉዳት የለውም ቢባል እንኳ ልብ ወለድ አይደለም። ነገር ግን ልብ ወለድ ጥላቻን ሲያስጌጥ በእጁ ምን እንደሚሠራ ቀርባችሁ እዩት። የአንዱን ወገን አፍ ይዘጋል። የእኛ ሰው ይናገራል፣ የእነሱ ሰው ያጓራል። የእኛ እናት ስታለቅስ እንባዋ ይታያል፣ የእነሱ ሰው ከናካቴው እናት የለውም። ይህን ነውር ብሎ የሚጠራው መካሪ ልክ ነው፤ ጥበብ አይደለም ብሎ የሚጠራው የውበት ሰውም ልክ ነው፤ አንዱን ጉድለት ነው በሁለት ስም የጠሩት። መድኃኒቱም ምክር መጨመር አይደለም። የተዘጋውን አፍ መክፈት ነው።

የወላጆችንም ሥጋት በንቀት አላልፈውም። ስብሐት ገብረእግዚአብሔር ስለ ውቤ በረሃ ሌሊቶች የጻፈው «ሌቱም አይነጋልኝ» በሳንሱር ሳቢያ ለረጅም ዘመን ሳይታተም ቆይቷል፤ ታትሞም ያስቆጣቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ለዐሥር ዓመት ልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ እንዳልሆነ እኔም እስማማለሁ። ለአዋቂ አንባቢ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ከተማው በሌሊት እየፈለገ በቀን የሚያፍርባቸው እነዚያ ሴቶች በመጽሐፉ ውስጥ ስም፣ ጨዋታ፣ ንዴት፣ የራሳቸው አሳብ አላቸው ወይ? ስብሐት ሰጥቷቸዋል። ሴትን ዕቃ አድርጎ የሚያሳይ መጽሐፍ ልብሷን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቢያለብሳትም እሱ ነው ነውረኛው።

ከመካሪዎቹ ወገን የሚከብደኝ ሙግተኛ ቶልስቶይ ነው። «ጥበብ ምንድን ነው?» ብሎ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ ባሳተመው መጽሐፍ የራሱን ታላላቅ ልብ ወለዶች ከመጥፎ ጥበብ መድቦ ሁለት አጫጭር ታሪኮቹን ብቻ አስቀረ። ሰውየው የሚናገረውን የሚኖር ነበርና ቃሉ ይከብዳል። ሆኖም «አና ካሬኒና»ን ሲጽፍ በመጀመሪያ ረቂቆቹ አና እምብዛም የማትወደድ ሴት ነበረች። እየጻፈ፣ እየሰረዘ፣ ደግሞ እየጻፈ በሄደ ቁጥር ሕይወት ዘራች። ሊፈርድባት የተነሣውን ሰው ቃሏን ሲጽፍ የገዛ እጁ አስተማረው። ከዚያ ወዲያ የመጣው መካሪው ቶልስቶይ ይህን ያስተማረውን እጅ መካዱ ያሳዝነኛል።

«የተቸገረ አገር ጌጥ አያምረውም፤ ብዕር ለዓላማ ይሰለፍ» የሚለው ተቃውሞ ደግሞ በአገራችን ተሞክሯል። በአብዮቱ ዘመን ብዕር እንደ ጠመንጃ ተቆጠረ። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር፤ በኤርትራ የተካሄደውንም የቀይ ኮከብ ዘመቻ በቅርብ ያየ ሰው ነው። የሚጠበቅበት የሚቀሰቅስ መጽሐፍ ነበር። እሱ ግን በ1975 «ኦሮማይ»ን አሳተመ፤ ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም አስመራ ላይ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር የያዘውን ፍቅር፣ የባለሥልጣናቱን ድካም፣ በወዲያ ማዶ የቆመውንም ሰው ፊት ጻፈ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያን መጽሐፍ ያስፈራው ሥርዓት በልብ ወለድ ውስጥ ሁለቱም ወገን ሲናገር ምን እንደሚፈጠር ከብዙ ተቺ በተሻለ ገብቶት ነበር። የተቸገረ አገር ከሁሉ በፊት የሚያጣው መደማመጥን ነውና፣ ቃል የሚሰጥ ልብ ወለድ ለድሀ አገር ቅንጦት ነው የሚለውን አልቀበልም።

ዛሬም እርስ በርሳችን መስማት ያቃተን ጊዜ ላይ ነን። ስለዚህ ደራሲ ለሆናችሁ አንድ ልመና አለኝ። በምትጽፉት መጽሐፍ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የምትጠሉትን ሰው አምጡና አምስት ገጽ ስጡት። በመሃል አትግቡበት፤ ራሱን እንዲያጋልጥ ወጥመድ አትዘርጉለት፤ እናቱ ዘንድ ሲቀመጥ እንደሚናገረው ይናገር። አምስቱን ገጽ ስትጨርሱ ያው ጥላቻ ካለ ይቆይ፤ ያን ጊዜ ግን የምታውቁትን ሰው ነው የምትጠሉት።

መምህራን ለሆናችሁም እንዲሁ። ከፈተና ወረቀታችሁ ላይ «ከዚህ ታሪክ ምን ትማራላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ለአንድ ዓመት አንሡትና በምትኩ «ፊታውራሪ መሸሻ ለራሳቸው ቢሟገቱ ምን ይላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ተማሪው የጻፈውን ደግሞ በቀይ ብዕር ሳታቋርጡ እስከ መጨረሻው አንብቡለት።